የቆየ ጨዋነት ምን ይሠራል?

ባሕር ዳር ውስጥ ረፋድ ላይ ሰው በሚበዛበት የባንክ ቅርንጫፍ ትንሽ የቆየ ሰው አንድ ሙግት መስማቱ አይቀርም። ደንበኞች የተራ ቁጥር የታተመበትን ቁራጭ ወረቀት ይዘው ተቀምጠዋል። ጋቢ የደረቡ፣ ከዘራ የያዙ አባት ይገባሉ። ስለ ወረቀቱ የነገራቸው ሰው ስለሌለ በቀጥታ ወደ መስኮቱ ያመራሉ። ከተቀመጡት ገሚሱ “ይለፉ አባቴ” ይላል። የቀረው ዝም ይላል፤ ዝምታው ግን ፈቃድ አይደለም። ከኋላ አንድ ወጣት “እኛም እኮ ሥራ ፈትተን አልመጣንም” ብሎ ያጉረመርማል፤ አንዲት እናት ዞር ብለው “አያት የለህም?” ይሉታል። ጥበቃው የማንን ወገን እንደሚይዝ ይጨነቃል።

አብዛኛው ሰው ይህን በጨዋና በባለጌ መካከል የተነሣ ጠብ አድርጎ ያየዋል። ለእኔ የሁለት ጨዋነቶች ግጭት ነው። ተራ መጠበቅም ጨዋነት ነው፤ ከከተማ ጋር የመጣ፣ ገና ያልጠና ጨዋነት። የማይተዋወቁ ሰዎች የማን ልጅ እንደሆኑ ሳይጠያየቁ፣ ደሃውም ባለጸጋውም በመጣበት ሰዓት እንዲስተናገድ ያደርጋል። ለሽማግሌ ቅድሚያ መስጠት ደግሞ ጉልበት የከዳውን ሰው ከጉልበታሙ እኩል አለማቆም ነው። ያጉረመረመው ወጣት የሚፈራውን ብንጠይቀው ሽማግሌውን አይልም። የሚያጉረመርመው ለሽማግሌ በተከፈተችው በር የሥራ አስኪያጁ ዘመድ፣ የባለሥልጣኑ ሾፌር፣ “አንድ ደቂቃ ብቻ” ባዩ ነጋዴ ተከታትለው እንደሚገቡ ስለሚያውቅ ነው። እንዲህ ያለውን ሙግት “ዘመኑ ተበላሸ” በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር መዝጋት ለማንም አይበጅም።

ስለ ቆየ ጨዋነት ሲወራ ግን የሚበዛው እንዲህ ያለ መዝጊያ ነው። አንደኛው ወገን በናፍቆት ያለቅሳል፤ ሌላው “ጊዜ ማባከን ነው” ብሎ ያልፋል። ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር አለ፤ ጨዋነትን የሚያዩት እንደ ጌጥ ነው። አንዱ ጌጡ በመውለቁ ያዝናል፤ ሌላው በመቅለሉ ይደሰታል። ጌጥ ነው የተባለው ነገር ምን ሥራ ይሠራ እንደነበር የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ከቀላሉ እንጀምር። ሰው ሲገባ የተቀመጡት ብድግ እያሉ “ኖር” ይላሉ፤ የገባውም “በእግዜር፣ ተቀመጡ” ይላል። ከሌላ አካባቢ መጥቶ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት፣ ተከራይቶ በሚኖርበት ግቢ ለበዓል ቡና ተጠርቶ ሲገባ ቤቱ ሙሉ ሰው ይነሣለታል። ምን እንደሚመለስ ስለማያውቅ ፈገግ ብሎ ያገኘው ወንበር ላይ ይቀመጣል። የቆሙት ሽማግሌዎች እርስ በርስ ይተያያሉ። ልጁ አልባለገም፤ ከእርሱ የሚጠበቅ ድርሻ እንዳለ ያስረዳው ሰው የለም። የዚህ ሥርዓት ክብደት ያለው በገባው ሰው ድርሻ ላይ ነውና። ቤት መግባት የሚያሳፍር ቅጽበት ነው፤ የት ልቀመጥ፣ ማን አየኝ፣ ወሬ አቋረጥሁ ወይ ያሰኛል። የተቀመጡት በመነሣታቸው “ሁሉም ቦታ ያንተ ነው” ይሉታል፤ እርሱ ደግሞ ፈጥኖ “ተቀመጡ” በማለቱ የተሰጠውን ቦታ ይመልስላቸዋል። መልሱን ያዘገየ ሰው ክብሩን እየቆጠረ ነው ተብሎ ይታማል። ማክበሩ የተቀማጩን ያህል የገቢውም ግዴታ ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ በሚቀጥለው ጊዜ ቃሉን ባያስታውስ እንኳ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል፤ ማንም ቅር አይለውም።

የረዘመ ሰላምታም በተመሳሳይ ዓይን መታየት አለበት። “እንደምን ሰነበቱ? ቤት ደህና? ልጆች? ከብቱ? ዝናቡስ እንዴት ነው?” እያለ የሚሄደውን ሰላምታ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሰው በትዕግሥት አይሰማውም፤ ስልክ ሲሆን ሂሳቡም ይቆጥራል። “ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን” የሚለው መልስ ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ ጥያቄው ባዶ ይመስላል። ባዶ አይደለም። መልሱ አንድ ዓይነት የሆነው ልዩነቱ እንዲሰማ ነው። ስለ ልጆች ሲጠየቁ “እግዚአብሔር ይመስገን” ለማለት ትንሽ የዘገዩ እናት፣ አንድም ነገር ሳይናገሩ ነግረዋል። ጠያቂው መስማቱን ያሳያል ወይም ያልፈዋል፤ ምርጫው የእርሳቸው ሆኖ ይቆያል። “ችግር አለ ወይ?” ብሎ ፊት ለፊት የሚጠይቅ ሰው ይህን ምርጫ ይነጥቃቸዋል። ሐኪም ቤት ውስጥ ከገጠር የመጡ ሕሙማን ዋናውን ሕመማቸውን ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ቆመው ይናገራሉ እየተባለ የሚነሣው ቅሬታ ከዚህ ጋር የሚያያዝ ይመስለኛል። ሰላምታው ስላጠረ ነገሩን የሚያስገቡበት በር አጥተዋል።

ምግብ ላይ ስንመጣ ጉዳዩ ይደምቃል። እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ትሕትና አነጋገር የጻፉት ተመራማሪዎች፣ ፔኔሎፒ ብራውንና ስቲቨን ሌቪንሰን፣ ሰው ሁሉ ሁለት ፍላጎት አለው ይላሉ፤ መወደድ ይፈልጋል፣ አለመገደድም ይፈልጋል። የጨዋነት ውስብስብነት የሚመጣው ሁለቱን ባንድ ጊዜ ለማሟላት ከመሞከር ነው። ይህን ሐሳብ በጣና ዳር ማዕድ ላይ መፈተን ይቻላል። ገበታ ቀርቦ ሰው ከደረሰ “እንብላ” ይባላል፤ እንጀራው አንድ ቢሆንም ይባላል። የደረሰው ሰው “አሁን በልቼ ነው የመጣሁት” ይላል፤ ባይበላም ይላል። ሁለቱም እውነቱን አልተናገሩም፤ ሁለቱም አልዋሹም። በመጀመሪያው ግብዣ ባለቤቱ ፍቅሩን አሳየ፤ በመጀመሪያው እምቢታ እንግዳው ለባለቤቱ መውጫ ሰጠ። ቤት ውስጥ የሚበቃ ነገር ካለ “በሞቴ” ይከተላል፤ ከሌለ “እንግዲያስ ቡና አያምልጥህ” ይባልና ማንም ሳያፍር ነገሩ ያልፋል። ኑሮ በተወደደበት በዚህ ጊዜ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የቤታቸውን ጉድለት እንግዳ ፊት ሳያወጡ እንግዳ የሚቀበሉበት መንገድ ነው።

ችግሩ የሚመጣው አንደኛው ወገን ሥርዓቱን ሲያውቅ ሌላው ሳያውቅ ነው። ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣ ዘመድ “ትበላለህ?” ብሎ ይጠይቃል፤ እንግዳው “አይ፣ ይቅርብኝ” ይላል፤ ጠያቂው “እሺ” ብሎ ብቻውን ይበላል። እንግዳው ምራቁን እየዋጠ ይወጣና ለሁለት ዓመት የሚሆን ወሬ ይዞ ይሄዳል። በተቃራኒው ደግሞ ስኳር ሕመም ያለበትን ሰው በ“አፈር ስሆን” እና በ“በሞቴ” አስጨንቆ ጠላና ለስላሳ የሚያስጠጣ ቤት አለ። እዚህ ላይ ጨዋነቱ ሥራውን ረስቷል። “በሞቴ” የተሠራው እንግዳውን ከይሉኝታ ለማውጣት ነበር፤ “ሐኪም ከልክሎኛል” ያለን ሰው ማስገደድ ወደ አዲስ ይሉኝታ መክተት ነው። ሥርዓቱን ከልቡ የሚያከብር ሰው የት መቆም እንዳለበትም ያውቃል።

እምቢ ማለትን ካነሣን የቆሎ ተማሪውን ሳላነሣ አላልፍም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራም ጎንጅም ዲማም ከዚሁ ክፍለ አገር ናቸው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከየቤቱ ደጃፍ ቆሞ “በእንተ ስማ ለማርያም” ይላል። ያለው ይሰጠዋል። የሌለው “እግዚአብሔር ይስጥህ” ይለዋል። ይህች አጭር መልስ በድንቅ ጥበብ የተሠራች ናት። እምቢ ያለው ሰው ራሱን ከሰጪነት ቦታ ያወርድና “ሰጪው ሌላ ነው፤ እኔም እንዳንተው ተቀባይ ነኝ” ይላል። ለማኙ ባዶ እጁን ሲሄድ ተሰድቦ አይሄድም። ዛሬ በጎዳናችን ያለው ልማድ ፊት ማዞር፣ ስልክ እንደሚያነጋግር መስሎ ማለፍ ወይም የመኪናን መስታወት መዝጋት ነው። ለሁሉም መስጠት እንደማይቻል ግልጽ ነው፤ በተለይ ከየአካባቢው ተፈናቅሎ ወደ ከተማ የገባው ሰው በበዛበት በአሁኑ ጊዜ። ለሁሉም መልስ መስጠት ግን ይቻላል፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

እስካሁን የጻፍሁት የሚያሞግስ ነው። አሁን ወደሚያስቸግረው ልግባ።

“አንተ” እና “እርስዎ” ዕድሜን ማክበሪያ ናቸው ተብለን ነው ያደግነው። በባሕር ዳር ቢሮዎች ግን ሌላ ነገር ይታያል። የ30 ዓመቱ ኃላፊ “እርስዎ” ይባላል፤ ወለል የሚወለውሉት የ55 ዓመት እናት “አንቺ፣ ነይ እስቲ” ይባላሉ። ዕድሜ ለማክበር የተባለው ቃል ወንበር ያከብራል። በትልልቅ ሆቴሎችም እንግዳው እርስዎ ሲባል የእንግዳው አባት የሚሆኑ ዘበኛ አንተ ይባላሉ፤ የሚላቸውም ያው እንግዳ ነው። “ባህላችን ተሸረሸረ” ብለን የምንወቅሳቸው ወጣቶች “ሁላችንም አንተ እንባባል” ሲሉ መነሻቸው ብዙ ጊዜ ይህ ግብዝነት ነው። እውነት አላቸው። መድኃኒታቸው ላይ ግን አልስማማም።

በአዋጅና በዘመቻ አክብሮትን እኩል ለማድረግ የተሞከረበት ጊዜ ነበረን። ከ1966 አብዮት በኋላ የመሳፍንቱና የመኳንንቱ ማዕረግ ወድቆ “ጓድ” ነገሠ። ሚኒስትሩም ጓድ፣ ገበሬውም ጓድ ሊሆን ነበር። ትንሽ ሳይቆይ ግን ጓድ ማለት የሚፈራ ሰው ማለት ሆነ፤ ስሙ ሲጠራ ሰው የሚቆም የሚቀመጥበት አዲስ ማዕረግ ተፈጠረ። በ1983 ሥርዓቱ ሲወድቅ ቃሉም አብሮ ከመንገድ ጠፋ። በስዊድን የሆነው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የጤና መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ብሮር ሬክሰድ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ “አንተ፣ አንቺ” ብለው እንደሚጠሩ ተናገሩ፣ እርሳቸውም እንዲሁ እንዲጠሩ ፈቀዱ፤ አገሩም ተከተላቸው። ልዩነቱ የጎላ ነው። ስዊድናውያኑ ክብርን ከላይ ወደ ታች ሲያወርዱ ባለሥልጣኑ ከራሱ ጀመረ። እኛ ደግሞ ብንጀምር ሁሉንም ወደ ላይ በማንሣት ብንጀምር ይሻላል እላለሁ፤ ወለል ወልዋይዋንም፣ ዘበኛውንም፣ የባጃጅ ሾፌሩንም እርስዎ በማለት። ለሁሉም የሚበቃ “እርስዎ” አለን።

ከዚህ ወደ ሐይቁ እንሻገር፤ በጣና ዳር ለማያውቀው እንግዳ ነገር የሚመስል ጨዋነት ሞልቷልና። ጣና ከ30 በላይ ደሴቶች አሉት፤ ብዙዎቹም ገዳማት ናቸው። ጎብኚ ጀልባ ተከራይቶ ዘጌ ይወርዳል፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን፣ አዝዋ ማርያምን ያያል። ጫማ ማውለቅ፣ ነጠላ ማመሳቀል፣ ድምፅ ዝቅ ማድረግ፣ መስቀል ሲሰጡት መሳለም ይነገረዋል። እነዚህን ማንም ይፈጽማቸዋል፤ ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚከፈል ዋጋ አድርጎ የሚያያቸውም አለ። የዘጌን ዛፍ የሚያይ ሰው ግን ከዚህ የጠለቀ ነገር ያገኛል። በአካባቢው ትውፊት መሠረት አቡነ በትረ ማርያም በዘጌ ምድር እንዳይታረስ ቃል አስረዋል፤ ሕዝቡም በሬ ጠምዶ ማረስን ትቶ በቡናና በአትክልት ሲኖር ኖሯል። ከሌላ አካባቢ የሚመጣ ገበሬ ለም መሬት ጦሙን ሲያድር አይቶ መደነቁ አይቀርም። ውጤቱ ግን በዓይን ይታያል፤ በዙሪያው ያለው ምድር ሲራቆት ባሕረ ገብ መሬቱ በጫካ እንደተሸፈነ ቆየ፤ ቡናውም በዚያው ጥላ ሥር ይለቀማል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የጣናን ሐይቅ አካባቢ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግብ እንዲህ ያሉ የቆዩ ደኖች ከሀብቱ መካከል ነበሩ። ለአንድ ቅዱስ ቃል የተሰጠ አክብሮት ማንም ሳያቅደው የደን ጥበቃ ሆነ። አክብሮቱ የጸናው ምክንያቱ ስለተነገረ አይደለም፤ ምክንያቱን የማያውቅ ሰውም ስለ ጠበቀው ነው።

ሆኖም ከዘጌ ጀልባዋ ወደ ክብራን ገብርኤል ስትቀጥል ሴቶቹ ወደ ገዳሙ አይዘልቁም። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ ነው። መነኮሳቱ ከጥንት የያዙት ሥርዓት ነው፤ ቤታቸው ነው፤ የእነርሱን ደጅ የረገጠ ሰው ሥርዓታቸውን መጠበቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ለዚህ አክብሮት የሚከፍለው ማን እንደሆነ እያወቅን ነው የምናከብረው። ወንዱ ገብቶ የብራና መጻሕፍት ሲመለከት ሴቲቱ ፀሐይ ላይ ትጠብቃለች። አብረዋት የሄዱት ወንዶች ጉብኝቱን ማሳጠራቸው፣ ለእርሷም ክፍት ወደሆነው ወደ ደቅ ደሴት አብረው መሄዳቸው ጨዋነት ነው፤ ይህን ግን የሚያስተምር ያረጀ ልማድ የለንም። ደቅ ላይ ያለውን ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። በቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ላይ ራሳቸውን ያስሣሉት ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ነው። አገር ያስተዳደረች ሴት መደፋትን አልናቀችም፤ በማን ፊት እንደምትደፋ ግን የመረጠችው እርሷው ነች።

ሁሉም ሰው እንዲህ የመምረጥ ዕድል አልነበረውም። በሐይቁ ዳር ከማንም ቀድመው ከኖሩት መካከል ነገደ ወይጦ አሉ። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት፣ ዓሣ የሚያጠምዱት፣ የእጅ ሥራቸውን ለከተማው የሚያቀርቡት እነርሱ ናቸው። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። ሙስሊሞች ናቸው፤ ነገር ግን ጉማሬ ይበላሉ በሚል ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሯቸው ማዕድ አይቆርስም ነበር። ከላይ የዘረዘርሁት ሁሉ፣ ብድግ ማለቱ፣ “እንብላ”ው፣ “በሞቴ”ው፣ ደጃፋቸው ላይ ሲደርስ ይቆም ነበር። ታንኳቸውን ተሳፍሮ የተሻገረ ሰው ውኃ ከዋንጫቸው ለመጠጣት ይጠየፋል። ታንኳው ዛሬ የባሕር ዳር መለያ ሆኖ በቱሪስት ፖስተር ላይ ይታያል፤ የሠሪዎቹ መንደር ግን ከተማው ሲሰፋ፣ ሆቴልና መዝናኛ ሐይቁን ሲከብብ፣ ከዳርቻው እየተገፋ መጥቷል።

“የጥንቱ ጨዋነታችን ይመለስ” የሚለው ናፍቆት እዚህ ላይ መልስ ያጣል። የትኛው? ለማን የነበረው? ጨዋ የሚለው ቃል ራሱ በአንድ ወቅት የተወለደበትን ቤት እንጂ የሰውየውን ጠባይ አልነበረም የሚለካው። ስለዚህ የቆየን ጨዋነት ቁም ነገር አድርጎ መያዝ ማለት እንዳለ መቀበል ሊሆን አይችልም። ሥራው ይጠና፤ ሥራው ሲታወቅ ደግሞ ለምን ለእገሌ ብቻ ተሰጠ ብሎ መጠየቅ ይመጣል። ከነገደ ወይጦ መንደር የመጣ ሰው ቢሮ ሲገባ “ኖር” ብሎ የሚነሣ ባለሙያ፣ ጥንታዊውን ነገር በጥንት ጊዜ ባልተደረገበት ቦታ እያደረገው ነው። ይህ ሰው ለእኔ ከማንም ባህል ጠባቂ ይበልጥብኛል።

ልማድ ዕቃ ሲቀየር አብሮ እንደሚለወጥም መዘንጋት የለብንም። በቅሎ የተቀመጠ ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወይም ሽማግሌ ሲያገኝ ይወርድ ነበር። ባሕር ዳር በብስክሌት ስትታወቅ ከብስክሌት ወርዶ ሰላም የሚል ሰው መጣ። የባጃጅ ሾፌር ደግሞ መውረድ አይችልም፤ በጊዮርጊስ ሲያልፍ ያማትባል፤ አዛውንት ሲሳፈሩ ሳይነገረው ሙዚቃውን ይቀንሳል፤ ለቅሶ ካለበት ድንኳን ሲደርስ ጥሩምባ አይነፋም። ማንም አላስተማረውም ማለት ይቻላል። በ2012 ኮሮና መጥቶ መጨባበጥ በተከለከለ ጊዜም ብዙ ሰው ያለማንም ምክር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ወደ መንሣት ተመለሰ።

ሳይሸጋገር የቀረና በጣም የሚያሳስበኝ አንድ ልማድ አለ፤ መርዶ።

ሰው ሲሞት ዜናው ለቅርብ ዘመዱ እንዴት እንደሚደርስ አባቶቻችን በጥንቃቄ አስበውበታል። መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው። ከመነገሩ በፊት ጎረቤት ይሰማል፤ የቅርብ ወዳጅ፣ የሚከበር ሽማግሌ፣ ሲቻልም የንስሐ አባት ይጠራሉ። ሰውየው ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ በሥራ ቦታ ወይም በመንገድ ላይ ብቻውን ሳይሆን፣ ሊደግፉት የሚችሉ እጆች በዙሪያው ባሉበት ይነገረዋል። ማለዳ መሆኑ ሙሉ ቀን ይሰጣል፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ድንኳን ይተከላል፣ የመጀመሪያዋ ሌሊት ስትመጣ ቤቱ ሙሉ ነው። ሩቅ ላለው “ታሟልና ቶሎ ድረስ” ይባላል። ይህን ብዙ ወጣቶች እንደ ውሸት ያዩታል፤ የተነፈጉት እውነት እንዳለ ይሰማቸዋል፤ ቅሬታቸውም ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ በተለይ ቀብሩ ያመለጠው ልጅ ሲሆን። ነገር ግን የልማዱ ዋና ጉዳይ መደበቁ አይደለም፤ ማንም ሰው ይህን ዜና ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ማድረጉ ነው።

ዛሬ ግን የአባቷን ሞት በታክሲ ውስጥ ፌስቡክ ስትከፍት የምታነብ ልጅ አለች። ፎቶግራፉ ከሻማ ጋር ተለጥፏል፤ ከሥሩ “ነፍስ ይማር” የሚል መልእክት በርክቷል። የለጠፈው ሰው ክፋት አላሰበም፤ ኀዘኑን መግለጹ፣ እንዲያውም ለሟች ክብር መስጠቱ ነው። ቀድሞ ማዘኑን ማሳየት ጨዋነት ሆኖ ታይቶታል፤ ቀድሞ መስማት ያለበት ሰው እንዳለ ግን አላሰበም። በ2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ዜና ሁሉ ወደ ስልክ ጥሪና ወደ ሰው እግር ተመልሶ ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ ሰዓት እላፊ ስለነበረ ሳይነጋ ተሰባስቦ ወደ ለቀስተኛ ቤት መሄድ አስቸጋሪ ሆነ። መርዶ ከሁለት በኩል ተመታ፤ ሲኖር ኢንተርኔቱ ቀደመው፣ ሲጠፋ ሰዓቱ ከለከለው።

መፍትሔው ያለው እድሮች እጅ ላይ ይመስለኛል። በባሕር ዳር ሰፈሮች ያሉ እድሮች የተጻፈ ደንብ አላቸው፤ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ መዋጮውን፣ የቅጣቱን ልክ ሳይቀር ይደነግጋሉ። አብዛኞቹም የቴሌግራም ቡድን ከፍተው ማስታወቂያ ይለጥፉበታል፤ ቀድሞ በጥሩምባ የሚነገረው አሁን በስልክ ይደርሳል። በዚህ ደንብ ላይ አንድ አንቀጽ ቢጨመር ብዙ ወጪ የለውም፤ የቤተሰቡ አንድ ተጠሪ “ለሁሉም ተነግሯል” እስኪል ድረስ ማንም አባል የሟችን ስምና ፎቶግራፍ በየትኛውም ገጽ ላይ እንዳያወጣ፤ ተጠሪው ደግሞ ውጭ አገር ያለውንም ጨምሮ መርዶ የሚደርሳቸውን ዘመዶች ስም ጽፎ፣ ለእያንዳንዳቸው ቀርቦ የሚነግራቸው ሰው መኖሩን እንዲያረጋግጥ። አዲስ አበባ ላለችው ልጅ ሰፈሯ ያለች ጓደኛዋ ትላካለች። ዋሽንግተን ላለው ደግሞ አብሮት የሚኖር ወዳጁ እሑድ ጠዋት፣ ሥራ የማይገባበት ቀን ተመርጦ፣ ይነግረዋል፤ በውጭ ያሉ ወገኖቻችን እንዲህ ማድረግ ከጀመሩ ቆይተዋል። የእድር ጸሐፊዎች የሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ይህን በአጀንዳ ቢያስይዙ፣ የደንብ ማሻሻያው ከአንድ ገጽ አይበልጥም።